የገበጣ ሰሌዳዬ ተሰነጠቀ፤ ለአባቴ ሌላ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ምከሩኝ

የመንዝ_ልጅ፣ ጥቅምት 12

ሰላም ለሁላችሁ። አናጢ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፣ ሁለት ክረምት እሱ ጋ ስላሳለፍኩ መሮና መጋዝ መያዝ አውቃለሁ።

አባቴ 78 ዓመቱ ነው። ግላኮማ ዓይኑን ስላደከመው ካቻምና ከመንዝ አምጥቼው አዲስ አበባ አብሮኝ ይኖራል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሰው ግን በድምፅ ነው የሚያውቀው። ሬዲዮ ይሰማል፣ ሲሰለቸው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን የልጅነቱን ሲያጫውተኝ ገበጣን አነሣ። ከብት ሲጠብቁ መሬት ቆፍረው በፍየል በጠጥ ይጫወቱ ነበር። አያቴ ደግሞ የኮሶ እንጨት ሰሌዳ ነበረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ በዚያ ይጫወቱ እንደነበር ነገረኝ። «ገበጣ እኮ ዓይን አይፈልግም፣ የሚቆጥረው ጣት ነው» አለኝ። በማግስቱ እንጨት ፍለጋ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ከአንድ እንጨት ሻጭ የዋንዛ ጉማጅ ገዛሁ። ሁለት ዓመት የቆየ ደረቅ ነው ብሎ ማለልኝ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 7 ሳንቲሜትር ነው። መስከረምን ሙሉ ማታ ማታ ስፈለፍል ከርሜ 12ቱንም ጉድጓድ ጨረስኩ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነሣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሦስተኛው ጉድጓድ ድረስ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል። ለአባቴ እስካሁን አልነገርኩትም።

ይህ ይድናል? ካልዳነስ ምን ዓይነት እንጨት ከየት ላግኝ? ደግሞ ለማያይ ሰው የጉድጓዱ ስፋትና ጥልቀት ስንት ቢሆን ይሻላል?

ሞርሳና_መሮ፣ ጥቅምት 12

ልጄ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ተመልከት። የጉማጁን የተቆረጠ ራስ እይ። ክብ ክብ የሚዞሩት መስመሮች መካከላቸው እዚያው እንጨቱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? የግንዱ እምብርት ውስጡ ካለ መሰንጠቁ አይቀርም ነበር። ነገ አይተህ ጻፍልኝ።

የመንዝ_ልጅ፣ ጥቅምት 13

ጋሼ አመሰግናለሁ። አየሁት፣ እምብርቱ ውስጡ ነው። ስንጥቁም የሚነሣው ከዚያው ነው።

ሞርሳና_መሮ፣ ጥቅምት 13

እንደ ጠረጠርኩት ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሸሽም። በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዙሪያውን ግን ከመካከል ወደ ዳር ከሚሸሸው በእጥፍ ገደማ ይሸሻል። እምብርቱ ያለበት ጉማጅ ዙሪያው ሲጠብብ መካከሉ አልላቀቅ ስለሚለው ይፈነዳል። ይህ የእጅህ ጥፋት አይደለም። የፈለፈልከው በክረምት እርጥበት ነው፤ ጥቅምት ሲገባ ደረቁ ነፋስ መጣ፣ እንጨቱም ውኃውን ባንዴ ለቀቀ። ራሱ ከጎኑ ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ ይጀምራል።

ደረቅ መሆኑን በመሐላ አትቀበል፤ በሚዛን እወቀው። ሠፈርህ ያለች ሱቅ ውስጥ መዝነው፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጀርባው ላይ ጻፍ፣ በየሳምንቱ ድገም። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ጥሬ እንጨት በጥላ ሲደርቅ ለ2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይጠይቃል፤ ያንተ 7 ሳንቲሜትር ነው፣ አስበው። ሻጩ የነገረህ ሁለት ዓመት እውነት ቢሆን እንኳ ለዚያ ውፍረት አይበቃም።

የተሰነጠቀውን አትጣለው። ሁለቱን ራሶች በቀለጠ ሰም ቀብተህ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት አስቀምጠው። አሁን ኮላ ብትሞላበት ገና ስለሚንቀሳቀስ ሌላ ቦታ ይከፍታል። ሚዛኑ ሲቆም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ለአዲሱ ደግሞ የቆየ እንጨት ፈልግ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የበር ሳንቃ፣ የተሰበረ አልጋ፣ አሮጌ ቁምሳጥን። 40 ዓመት ቤት ውስጥ የኖረ ዋንዛ ከዚህ በኋላ አያስደነግጥህም።

አገር_በቀል፣ ጥቅምት 14

የጋሼን ምክር በሌላም ምክንያት እደግፋለሁ። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ጥሬ ጉማጅ ከየት እንደመጣ ማንም አይነግራችሁም። አሮጌ ሳንቃ መልሶ መሥራት ዛፉን ያተርፋል። አዲስ የምትፈልጉ ደግሞ ግራቪሊያ ሞክሩ። በየአጥሩ የሚተከል ነው፣ ለመሮም ገር ነው። ባሕር ዛፍ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃልም።

የቀበና_ልጅ፣ ጥቅምት 14

ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ የአባትህን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ፤ እኔም ለልጆቼ ብዬ ሠርቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርህ።

እዚህ ዋንዛ የለም። ሜፕል የሚባል ጠንካራ ነጭ እንጨት ገዛሁ፤ በፋብሪካ የደረቀ ነው። መሮ ስለማልችል ክብ ጉድጓድ የሚያወጣ ሰፊ ፑንታ ገዝቼ በድሪል በሳሁት። በአንድ ቅዳሜ 12ቱም አለቀ፤ ሲያዩት እንደ ፋብሪካ ዕቃ ያምር ነበር። ልጆቼ መጫወት ሲጀምሩ ግን ችግሩ ታየ። በማሽን የወጣው ጉድጓድ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጠጠሮች ጥጉ ውስጥ ይቀራሉ፣ ጣት አያወጣቸውም። ልጆቹ ሰሌዳውን እየገለበጡ ማራገፍ ጀመሩ። ገበጣ ደግሞ ከጉድጓድ አንሥቶ መዝራት ነው፤ ማንሣቱ ከከበደ ጨዋታው ይሞታል። በኋላ አፉ የጎበጠ መሮ ገዝቼ እያንዳንዱን እንደ ሲኒ ውስጥ አጎደጎድኩት። ከአንድ ቅዳሜ ይልቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሌላው ስሕተቴ ዘይት የቀባሁት ላዩን ብቻ ነው። ብርዱ መጥቶ ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር እንደ ደረቅ ሣር ሆነ፣ ሰሌዳው ወደ ላይ ጎበጠ። ሆዱንም ጀርባውንም እኩል ቅቡ።

በእጅ_ብቻ፣ ጥቅምት 15

የእኔ ሐሳብ ለየት ይላል። በድሪል የተበሳ ገበጣን ገበጣ ለማለት ይከብደኛል። አያቶቻችን የሠሩት በመጥረቢያና በመሮ ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ ይለያያል፣ ያ ልዩነት ነው ሰሌዳውን የሰው የሚያደርገው። በተለይ ለአባቱ የሚሠራ ልጅ ማሽን ባይነካው እላለሁ። አፉ የጎበጠ መሮ ሱቅ ከጠፋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሂድ። ከመኪና ባሌስትራ መሮ የሚቀጠቅጡ አሉ። የኔን በእጄ ልክ አሠርቼው ስምንት ዓመት አገልግሎኛል፤ ስለቱ አይመለስም።

ሞርሳና_መሮ፣ ጥቅምት 15

በእጅ ብቻ፣ ባሌስትራውን ጥሩ አነሣህ፤ ብረቱ ምርጥ ነው። በማሽኑ ላይ ግን አልስማማም። እጅ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጉድጓዱ ቅርጹን ሲይዝ። መካከሉን ለማውጣት ድሪል ቢጠቀም ትከሻው ያርፋል፣ ለዋናው ሥራም ትዕግሥት ይተርፈዋል። እኔ 41 ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ትከሻዬ የሚነግረኝን ያኔ ብሰማው ኖሮ ጥሩ ነበር።

ልጄ፣ አንድ ምክር ስለ መሮ አያያዝ። ጉድጓዱን ሁልጊዜ ከአፉ ወደ ወለሉ ቁረጥ፣ ከአንድ በኩል ወርደህ መካከል ስትደርስ አቁም፤ ከዚያ ዞረህ ከሌላው በኩል ውረድ። ከወለሉ ወደ ላይ ከገፋህ መሮው ከእንጨቱ ጅማት ሥር ይገባና ከንፈሩን ገንጥሎ ያወጣዋል። መሮው የሚላጨው ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ቅጠል ስስ ከሆነ ትክክል ነህ፤ ፍርስርስ ካለ ወይ ስለቱ ደንዝዟል ወይ አቅጣጫው ተሳስቷል።

መምህር_ከደሴ፣ ጥቅምት 16

ስለ መጠኑ እኔ አንድ ነገር ልበል። እንጨት ከመንካትህ በፊት የእንቁላል ማስቀመጫ ወረቀት ውሰድ፤ ያ 30 የሚይዘውን። 5 በ6 ነው። በመቀስ ለሁለት ብትቆርጠው አንዱ ባለ ሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ ሌላው ባለ ሦስት ረድፍ 18 ጉድጓድ ይሆንልሃል። ለተማሪዎቼ መደመርና መቀነስ የማስተምረው በዚህ ነው፤ 12 ጉድጓድ ላይ አራት አራት ሲያደርጉ 48 መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። አባትህ በዚያ ይሞክሩት፤ እጃቸው የት እንደሚቸገር አይተህ ከዚያ ለካ።

ሰሉስ_54፣ ጥቅምት 16

መምህር፣ ባለ ሦስት ረድፉን ስላነሡት ደስ አለኝ። እኛ ትግራይ ውስጥ ያደግንበት እሱ ነው፣ ሦስት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር፣ ጠቅላላ 54። የመንዝ ልጅ፣ አባትህ በሁለት ረድፍ ነው ያደጉት ወይስ በሦስት? ሳትጠይቃቸው እንዳትፈለፍል።

ሌላው ደግሞ የጨዋታው ሕግ ጭቅጭቅ እዚህ እንዳይጀመር ከወዲሁ ልማጸን። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገበጣ ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ከመቶ የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶች መዝግቧል። የእያንዳንዱ ሰው አያት የተጫወተው ትክክል ነው።

ፍሬ_ለቃሚ፣ ጥቅምት 17

ለመጫወቻው ፍሬ እኔ የምመክረው ጉሎ ነው። ዝንጉርጉር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በእጅ ሲያዝ ለስላሳ ነው፣ በየጓሮው በነፃ ይገኛል። ቆርችም ቀይ ስለሆነ ያምራል። እኔ የሰበሰብኩትን ልልክልህ እችላለሁ።

ነርስ_ነኝ፣ ጥቅምት 17

ወንድሜ ፍሬ ለቃሚ፣ ልብህ ቅን እንደሆነ አያለሁ፤ ግን እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ እጅግ ከባድ ነው። ቅርፊቱ ሳይሰበር ቢዋጥ ሊያልፍ ይችላል፤ ከታኘከ ግን ጥቂት ፍሬ ሕፃን ልጅ ሊገድል ይችላል። የቆርች ፍሬም መርዛም ነው። ገበጣ ቤት ውስጥ ወለል ላይ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ፍሬው ይንከባለላል፣ አልጋ ሥር ይገባል፣ የሚያገኘው የሚድህ ልጅ ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ የወደቀውን በዓይናቸው ፈልገው ማንሣት የማይችሉ አባት ናቸው።

ባቄላና ሽምብራ እንደ ጉሎ መርዛም አይደሉም፤ ነቀዝ ግን ይበላቸዋል። ከሁሉም የወንዝ ጠጠር ይሻላል። ያም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ተቆጥሮ በከረጢት ታስሮ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጉሮሮ ይዘጋል።

ፍሬ_ለቃሚ፣ ጥቅምት 17

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ቤት የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ዛሬውኑ ሰብስቤ ቀብሬዋለሁ።

የመንዝ_ልጅ፣ ጥቅምት 24

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቴ የተሰነጠቀውን ነገርኩት። እጁን ስንጥቁ ላይ አሳልፎ «ጥሬ እንጨት ነበር» አለ፣ ሌላ አልተናገረም። ባለ ሁለት ረድፍ ነው ያደገው፤ በየጉድጓዱ አራት።

መምህር፣ የእንቁላሉን ወረቀት ሞከርነው። ጉድጓዱ ለጣቱ ጠበበው፣ ወረቀቱም ቀላል ስለሆነ እጁ ሲነካው ይንሸራተታል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ግቢያችን ውስጥ ጭቃ አቡክቼ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ደልድዬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «አባዬ፣ አንተ ራስህ ቆፍረው» አልኩት። እጅጌውን ሰበሰበና የጣቶቹን መገጣጠሚያ አጥፎ አንድ በአንድ እየተጫነ 12ቱን ጉድጓድ አወጣ። 60 ዓመት ያልቆፈረው እጅ አንዴም አልተሳሳተም።

ሲደርቅ ለካሁት። አፉ 7 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 3፣ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል አንድ ተኩል። የገረመኝ ግን ሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። 3 ሳንቲሜትር ነው። እኔ ፈልፍዬ የነበረው ሁሉንም እኩል አድርጌ ነበር። ለምን አራቅከው ብለው «እጄ የኔንና የሰውን እንዳያምታታ ነዋ» አለኝ። ስለዚህ አዲሱ ሰሌዳ ርዝመቱ 56፣ ወርዱ 22 ሳንቲሜትር ይሆናል።

ሳንቃም አገኘሁ። ጎረቤታችን የአሮጌ ቤት በር አውልቀው አስቀምጠው ነበር፤ ዋንዛ ነው፣ ወርዱ 25። ችግሩ ውፍረቱ 3 ብቻ ነው። ሁለት ደራርቤ ላጣብቅ?

ሞርሳና_መሮ፣ ጥቅምት 25

የጭቃው ነገር እኔን አስተማረኝ፤ ተባረክ።

ደራርበህ አጣብቅ። ግን ሦስት ነገር ጠብቅ። የሁለቱ ሳንቃዎች ጅማት በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። ሰው ይጠነክራል ብሎ አግድም ያስተኛዋል፤ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ስለማይከተለው ኮላው ይላቀቃል። ሁለተኛ፣ የበር ሳንቃ ምስማር ደብቆ ይይዛል። ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት አውጥተህ በክር አንጠልጥለህ ላዩ ላይ አንሸራሽረው፤ የሚጎትትበት ቦታ ላይ ምስማር አለ። አንድ ምስማር የአንድ ቀን ስለት ይበላል።

ሦስተኛው ይበልጣል። ሁለቱንም በመላጊያ ስታስተካክል እያንዳንዳቸው 2.8 ገደማ ይቀራሉ። ጥልቀቱን 3 ካደረግህ የኮላው መስመር ወለሉ ጋ ይወድቃል፤ እዚያ የላይኛው እንጨት እንደ ወረቀት ስለሚሳሳ እየተፋቀ ይነሣል፣ ለጣትም ሻካራ ይሆናል። ወደ 3.5 ውረድ። መስመሩ ግድግዳው ላይ እንደ ቀለበት ይቀራል፣ ጣትም አያገኘውም። ከሥር ሁለት ሳንቲሜትር ይተርፍሃል፣ ይበቃል።

ሞርሳ ከሌለህ ነጩን የእንጨት ኮላ ቀብተህ በገመድ አስረህ፣ ገመዱን በዱላ ጠምዝዘህ፣ ላዩ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ጫን። እስከ ማግስቱ አትንካው።

የቀበና_ልጅ፣ ጥቅምት 25

ወንድሜ፣ አባትህ ተራቸው የት እንደሚጀምር በእጃቸው እንዲያውቁት በእሳቸው በኩል ዳሩ ላይ ትንሽ ምልክት ብትቀርጽላቸውስ? አንድ ጭረት ይበቃል። ሰሌዳው ቢዞርባቸው እንኳ ሰው ሳይጠይቁ ያስተካክሉታል።

የመንዝ_ልጅ፣ ኅዳር 19

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፣ ማታ ማታ ብቻ ስለምሠራ ነው። ከሁለቱ ሳንቃ ሰባት ምስማር አወጣሁ፤ አምስቱ ከላይ አይታዩም ነበር። የማግኔቱ ምክር ባይኖር መሮዬ አልቆ ነበር።

ከሲኒ ትንሽ ሰፋ ያለ የብርጭቆ አፍ አግኝቼ በእሱ ክብ ክቡን አሠመርኩ። መካከሉን በድሪል አወጣሁ፤ ፑንታው ላይ በጥልቀቱ ልክ ፕላስተር ጠቀለልኩበት፣ ሁሉም እኩል ወረደ። የቀረውን ምናለሽ ተራ ባሠራሁት መሮ። በእጅ ብቻ፣ የባሌስትራውን ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ እንዳልከው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉድጓዶች ከሁለት ሁለት ምሽት ወሰዱ፤ የመጨረሻዎቹ በአንድ ምሽት አለቁ። አባቴ አጠገቤ ይቀመጣል። አንድ ጉድጓድ ሲያልቅ እሰጠዋለሁ፣ አውራ ጣቱን ዙሪያውን ያዞርና «እዚህ ጋ» ይለኛል። እኔ በዓይኔ ምንም አላይም፤ መሮዬን ሳሳርፍ ግን እውነትም ጉብታ አለው። ማለስለሻውም እሱ ነው። የቴኒስ ኳስ ለሁለት ቆርጬ ብርጭቆ ወረቀት ጠቀለልኩለት፣ በቁጥር 80 ጀምሮ በ120፣ ከዚያ በ240 ሁሉንም እሱ ጨረሰው። ሰጋቱራው ጋቢው ላይ ሞልቶ ሳየው ደስ ይለኛል።

ምን ልቀባው? ቫርኒሽ ገዝቼ ነበር።

ሞርሳና_መሮ፣ ኅዳር 20

ቫርኒሹን ለቁምሳጥን አስቀምጠው። ጠጠር ሲመታው ይላጣል፣ ያኔ ሁሉንም ፍቀህ እንደገና ነው። የተልባ ዘይት ቀባው። እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ሲያረጅም ላዩ ላይ መድገም ብቻ ነው። በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን ጠርገህ አውጣ፣ ሳምንት ጠብቀህ ድገመው። ሦስት ጊዜ ይበቃል። የቀበና ልጅ እንደ ጻፈልን ጀርባውን አትርሳ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ሰም በጨርቅ እሸው። ለወጥ የምንገዛው የፓልም ዘይት ግን እንዳይነካው፤ እሱ አይደርቅም፣ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታልም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አያስወጣም። ከሠራሁባቸው የእንጨት ሥራ ቤቶች አንዱ ሌሊት በዚህ ተቃጥሎ አይቻለሁ። ጨርቁን ዘርግተህ ውጭ ሽቦ ላይ አድርቀው፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

መምህር_ከደሴ፣ ኅዳር 20

ይህን ስለ ጨርቁ አላውቅም ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ አለ። አሁኑኑ ሄጄ አወጣዋለሁ።

የመንዝ_ልጅ፣ ጥር 3

አልቋል። ለገና በዓል የአክስቴ ልጅ ከመንዝ ሲመጣ ከሞፈር ወንዝ ጠጠር እንዲያመጣልን አባቴ አስቀድሞ አስልኮበት ነበር። ከመቶ በላይ አመጣ። አባቴ ማታውን ሙሉ መዳፉ ላይ እያንከባለለ መረጠ፤ ሸካራውን፣ ቀላሉን፣ ጠፍጣፋውን ለየና 48 አስቀረ። ለሚጠፋው ብሎ አራት ጨመረ። ባለቤቴ ከአሮጌ ነጠላ ከረጢት ሰፋችላቸው።

የቀበና ልጅ፣ ምልክቱን በእሱ በኩል ቀርጬዋለሁ። ሰሌዳውን ሲያስቀምጡለት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ጋሼ፣ የተሰነጠቀውንም በየሳምንቱ መዝኜዋለሁ። ስጀምር 5.1 ኪሎ ነበር፤ ከዚያ 4.7፣ 4.4፣ 4.2 ሆነ። ላለፉት አራት ሳምንታት 4.1 ላይ ቆሟል። አሁን ልጠግነው?

የመጀመሪያውን ጨዋታ የተጫወትነው በገና ማግስት ነው። ሦስት ጊዜ አሸነፈኝ። በአራተኛው ላይ ከአምስተኛው ጉድጓድ ዘጠኝ ጠጠር አንሥቼ እየዞርኩ አንድ አንድ ስጥል እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። «እዚያ ጋ ሁለት ጣልክ» አለኝ። ቆጠርኩት፣ እውነቱን ነው፤ ሁለት ጠጠር አብረው ወድቀዋል። እንዴት አወቅክ ብለው በድምፁ ነው አለኝ። አንዷ ስትወድቅና ሁለት ሲወድቁ እንጨቱ አንድ ዓይነት አይናገርም አለ።

ሞርሳና_መሮ፣ ጥር 3

አባትህን ሰላም በልልኝ። ጠግነው። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን አቧራ በብሩሽ አውጣ፣ ከዚያው ዋንዛ ስስ ሽብልቅ ቅረጽና ኮላ ቀብተህ አስገባበት፤ ጠባቡን ደግሞ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰህ ሙላው። ከዚያ ከጀርባው ስንጥቁን አቋርጠው የሚይዙ ሁለት ቁልፎች አስገባ፣ መካከላቸው ቀጭን፣ ሁለት ጫፋቸው ሰፊ አድርገህ፤ ሲጠብቅም ሲሰፋም አይለቅም። ከወይራ ብትሠራቸው ጥሩ ነው። ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ።

የመንዝ_ልጅ፣ ጥር 4

እሺ ጋሼ። በሩን የሰጡን ጎረቤታችን ትናንት መጥተው ከአባቴ ጋር ሁለት ሰዓት ተጫወቱ፤ ሲሄዱ የተሰነጠቀው ሲድን ለእሳቸው እንዲሆን ጠየቁኝ። ወይራ ፍለጋ ነገ እወጣለሁ።